ሌላዋ ዳንግላ በሬዲዮ ትሰማ

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የጣሊያን ጦር ደብረ ማርቆስን ለቆ እንደወጣ፣ በምሽጉ ውስጥ የቀረ ስልክ ጮኸ። ደዋዩ የዓባይን መሻገሪያ ከሚጠብቁት ጣሊያኖች አንዱ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ በማን እጅ እንደገባች ገና አልሰማም። ከሱዳን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የመጣው የጌዴዎን ጦር አዛዥ ዊንጌት፣ ያው በኋላ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የተሰየመለት መኮንን፣ አጠገቡ የነበረውን አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስን ስልኩን እንዲያነሳ አዘዘው። ስቲቨንስ ጣሊያንኛ ይችላል። 10,000 የእንግሊዝ ጦር በመንገዱ እየገሰገሰ ነውና ቶሎ ብትወጡ ይሻላችኋል ብሎ ነገረው። የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ጠባቂዎቹ መሻገሪያውን ጥለው ሄዱ። አሥር ሺህ የተባለው ጦር ግን የትም አልነበረም፤ የጌዴዎን ጦር አንድ በአንድ ቢቆጠር 2,000 አይሞላም።

አንድ ተዋናይ፣ ጥቂት አድማጭ፣ መድረኩ የስልክ ሽቦ። ጎጃም ካስተናገደቻቸው የድምፅ ድራማዎች አጭሩ ይህ ሳይሆን አይቀርም። የሌለ ጦር በድምፅ ተሰልፎ ያለውን ጦር አሸሸ። ታሪኩን የሰማ ሁሉ ደግሞ «ባይሆንስ ኖሮ?» ማለቱ አይቀርም። በዚያች ሰዓት ምሽጉ ውስጥ ጣሊያንኛ የሚችል ሰው ባይኖርስ? መሻገሪያው እንደተዘጋ ቆይቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ መግባታቸው ቀርቶ፣ ክረምቱ ጎጃም ላይ ቢይዛቸውስ?

ከእንዲህ ያለ ጥያቄ ተነስቶ ሙሉ ዓለም የሚያቆም የልብ ወለድ ዓይነት አለ። ታሪክ በአንድ መንታ መንገድ ላይ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ልብ ወለዱ ወደ ቀኝ የታጠፈችውን ሌላዋን ዓለም ተከትሎ ይሄዳል። ሳይንሱም ቢሆን በሩን ጨርሶ አልዘጋበትም። የፊዚክስ ሊቁ ሂው ኤቨረት እ.ኤ.አ. በ1957 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ በረቂቁ የኳንተም ዓለም አንድ ክስተት ሁለት ውጤት ሊኖረው ሲችል ሁለቱም በየቅርንጫፋቸው ይቀጥላሉ ለሚለው ትርጓሜ መሠረት ሆኗል። ፊሊፕ ኬ. ዲክ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ልብ ወለድ ጀርመንና ጃፓን ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አሸንፈው የተካፈሏትን አሜሪካ አሳየ። እንግሊዞች ደግሞ ሳይንሳዊ ልብ ወለድን በድምፅ ብቻ ተጫውተውበታል። የቢቢሲው «ጉዞ ወደ ሕዋ» እ.ኤ.አ. በ1953 ሲጀመር አገሩን በየሳምንቱ ሬዲዮ ዙሪያ ሰብስቦ ነበር፤ በምሽት ከቴሌቪዥን የበለጠ ሰው የሰማው የመጨረሻው የሬዲዮ ፕሮግራም እየተባለ እስከ ዛሬ ይነሳል።

ኢትዮጵያም በእንዲህ ያለው ጽሑፍ ውስጥ እንግዳ አይደለችም፤ ችግሩ ሁልጊዜ የሚጽፍላት ሌላ ሰው መሆኑ ነው። አሜሪካዊው ስቲቨን ባርንስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው «የአንበሳ ደም» በተሰኘው ልብ ወለዱ፣ አሜሪካን ያቀኑት አፍሪካውያን፣ በባርነት የተጫኑት ደግሞ አውሮፓውያን ናቸው፤ ከዓለሙ ኃያላን መካከል ግብፅና ሐበሻ ይገኙበታል። ከእሱ በፊት፣ አገሪቱ በፋሺስት ጣሊያን እጅ በወደቀችባቸው ዓመታት፣ ጥቁር አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆርጅ ስካይለር በፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የጀብዱ ልብ ወለዶችን በተከታታይ ያወጣ ነበር። አንባቢዎቹ በእውነተኛው ዜና እያዘኑ፣ እዚያው ጋዜጣ ላይ ሌላ መጨረሻ ይፈልጉ ነበር። በአማርኛ ሬዲዮ ግን የትይዩ ዓለም ጀብዱ የተለመደ ነገር አይደለም። በአዊኛማ ጥያቄውም የተነሳ አይመስልም።

መነሳት ያለበት አሁን ነው፤ መነሻውም በጎጃም ካለው ከአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ከእንጅባራና ከዳንግላ ቢሆን ከየትም ይልቅ ያምርበታል።

አድማጭ አይገኝም የሚል ካለ የሬዲዮን ታሪክ ወደ ኋላ ይመልከት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከእንጅባራ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው ከማንኩሳ ይጀምራል። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ሰው ብዙ ነው፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የሰማው ግን ከዚያ ይበልጣል። ማንበብ የማይችለው ገበሬም፣ መጽሐፍ የመግዛት አቅም የሌለው ተማሪም ጉዱ ካሳን የሚያውቀው በጆሮው ነው። ወጋየሁ የያዘው ማይክሮፎንና መጽሐፍ ብቻ ነበር። በዚህ ብቻ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን፣ ፊታውራሪ መሸሻንና አሽከሮቻቸውን እየለየ፣ አድማጭ ማን እንደተናገረ ሳይጠፋበት ትውልድ ይዞ ተጓዘ።

ከዚያ ወዲህም ተከታታይ ድራማ በሬዲዮ ምን ያህል እንደሚሰማ የታየበት ጊዜ አለ። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው «የቀን ቅኝት» ከ1994 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 1997 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ በ257 ክፍሎች ተላልፏል፤ ከየአቅጣጫው የጎረፈለት ደብዳቤም ከ15,000 በላይ ነበር። ዘዴው ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ በአገሩ ቴሌቪዥን ከሠራው የተወሰደ ነው። አንዱ ገጸ ባሕርይ መልካሙን ይወክላል፣ ሌላው ክፉውን፣ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል እየዋለለ ይማራል። አድማጩም ከዚያ ከሚዋልለው ጋር አብሮ ያስባል። ሰው የገጸ ባሕርይዋን የፍቅርተን ዕጣ እየተከተለ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ዕቅድ ሰማ። ሥራው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሬዲዮ ድራማ ሲባል በአብዛኛው ሰው ጆሮ ላይ የሚመጣው ምክር ነው። ጨዋታው ሲጀመር መጨረሻው ይታወቃል፤ ክፉው ይታመማል፣ መልካሙ ይመክራል፣ ከጀርባ ደግሞ በጀቱን የሰጠው ድርጅት ስሙ ይነበባል። አድማጩ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የእንግሊዙ «ዘ አርቸርስ» እ.ኤ.አ. በ1951 ሲጀመር ለገበሬው የእርሻ ምክር ማድረሻ ነበር። የማስተማር ተልዕኮው እ.ኤ.አ. በ1972 ቀረ፤ ድራማው ግን ሰው ስለወደደው ብቻ እስከ ዛሬ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥም ምክሩ የቆመበት ቦታ ላይ ጨዋታው ብቻውን እንዲቀጥል የሚፈቅድ አዘጋጅ ያስፈልጋል።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድን ሕዝቡ አይወደውም የሚለውም አያስኬድም። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ የጣናን ገዳማት፣ የስለላ ድርጅቶችንና የሕዋ ሳይንስን አንድ ላይ ቢያስገባም ከአንባቢ እጅ አልወርድ ብሎ ደጋግሞ ታትሟል፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ»ም ተከትለውታል። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 በአማርኛ የሠራው «ክራምብስ» ዓለም ከጠፋች በኋላ በቀረች ኢትዮጵያ ውስጥ ዳንኤል ታደሰን ለፍለጋ ያስወጣዋል፤ የዳሎልን መሬት ያየ ተመልካች ሌላ ፕላኔት ለመሥራት ገንዘብ ማውጣት እንደማያስፈልግ ይገባዋል። ራሷ አገሪቱም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ወደ ሕዋ ልካለች።

ታዲያ ለምን አዊ? አንደኛው ምክንያት መንታ መንገዶቹ እዚያው መሬቱ ላይ ስለሚገኙ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ውስጥ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር። ቆንስሉ ሮበርት ቺዝማን በበቅሎ እየዞረ የጣናን ዳርቻና የዓባይን መንገድ በካርታ አስፍሯል፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አውጥቷል። አንድ ቆንስል ዳንግላን የሙጥኝ ያለበት ምክንያት ውኃው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ያለ ስምምነት በዓባይና በጣና ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንደማይሠራ ቃል ገብተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በኩል ከኒው ዮርኩ የጄ.ጂ. ኋይት ምሕንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገረ። መሐንዲሶቹ የጣናን መውጫ ለግድብ አጠኑ፤ እንግሊዞች ደነገጡ፣ ድርድሩ ተጓተተ፣ ቀጥሎ የጣሊያን ወረራ መጣና ነገሩ ወረቀት ላይ ቀረ።

ወረቀት ላይ ባይቀርስ? ከትይዩ ዓለሞቹ የመጀመሪያው እዚህ ይጀምራል። በዚያኛው ዓለም ግድቡ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ተጠናቅቋል። ዳንግላ ውስጥ የኤሌክትሪክ መብራት በርቷል፤ ከመተማ የመጣ ባቡር በቆንስላው ደጃፍ ያልፋል፤ የአካባቢው ወጣቶች በቅሎ ጭነት ትተው ተርባይን ይጠግናሉ። ግን ዋጋ አለው። የሐይቁ ውኃ ከፍ ብሎ የደሴቶቹን ገዳማት ደጀ ሰላም ይነካል፣ የፎገራ ሜዳ ጎርፍ ይተኛበታል፣ የግድቡ ቁልፍ ደግሞ ውሉን ባረቀቁት ሰዎች እጅ ነው። አድማጩ ያቺን ዓለም ሲሰማ የራሱን አብሮ ያያል። በዚህኛው ዓለም ኢትዮጵያ በዓባይ ላይ የሠራችው የመጀመሪያው ታላቅ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙም በአብዛኛው ከአገር ውስጥ በተገኘ ገንዘብ የተገነባ ነው። ሁለቱ ዓለሞች ጎን ለጎን ሲቆሙ ድራማው ማንንም ሳይመክር ትልቅ ጥያቄ ያነሳል። ውኃው ቀድሞ ቢገደብ ይሻል ነበር? በማን ገንዘብ፣ በማን ትእዛዝ?

ሁለተኛው መንታ መንገድ 1933 ዓ.ም. ነው። ከሱዳን በኦሜድላ ገብቶ በበላያ ተራራ በኩል የመጣው የንጉሠ ነገሥቱ ጉዞና የጌዴዎን ጦር ያለፈው በእንጅባራ ነው፤ የዳንግላ የጣሊያን ጦርም በኮሎኔል ቶሬሊ እየተመራ ወደ ባሕር ዳር የሸሸው በዚያው ሰሞን ነበር። ሦስተኛው ከሁሉም ይርቃል። በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ ያበቃው የዛጉዌ ሥርወ መንግሥት ባያበቃ፣ የቤተ መንግሥቱ ንግግር፣ የደብዳቤው ቋንቋ፣ የነጋዴው ወሬ ምን ይመስል ነበር? ሰባት ቤት አገው የሚባለው የአዊ ሕዝብ ስለ ሰባቱ ወንድማማቾች ሲተርክ መነሻቸውን ከዛጉዌዎቹ አገር ከላስታ ያደርጋል። አንከሻ፣ ባንጃ፣ መተከል፣ ቋቁራ፣ ጫራ፣ አዘና፣ ዚገም እየተባሉ የሚቆጠሩት ቤቶች ሰባት ናቸው፤ ለተከታታይ ድራማ ደግሞ ሰባት ክፍል ለአንድ ምዕራፍ በቂ ነው። በየክፍሉ ከየቤቱ አንድ ሰው ወደ ሌላኛው ዓለም ይሻገር። አንዱ ተመልሶ ይምጣ፣ አንዱ እዚያው ይቅር፣ አንዱ ሄዶ ሌላ እሱን ያግኝ።

የሚሻገሩበትም በር ፍለጋ አያስፈልግም። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በአዲስ አበባ መንገድ አጠገብ ያለው ዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ፣ ዙሪያውን በገደልና በዛፍ የተከበበ ጥልቅ ውኃ ነው። በአውቶቡስ የሚያልፍ መንገደኛ ልብ ላይለው ይችላል፤ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው ግን ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ ይሰማል። ለሬዲዮ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መልክዓ ምድር የለም። ዓይን ስፋቱን መገመት ያቅተዋል፤ ጆሮ ግን የገደል ማሚቶው እስኪመለስ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ሰምቶ ይለካዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ቋንቋ ነው፤ የዚህ ሐሳብ ጥንካሬም እዚህ ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በኖረበት የአዊ ዞን፣ አዊኛን አፍ የፈታበት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ነው። አዊኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጥበታል፤ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም በቋንቋው ይሠራል። በቤቱ አዊኛ፣ በገበያው አማርኛ የሚናገር የዳንግላ ነጋዴ በቀን ስንቴ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሻገር ራሱም አይቆጥረውም። ድራማው ይህንኑ ስልት ይውሰድ። ይህኛው ዓለም በአማርኛ፣ ያኛው ዓለም በአዊኛ ይነገር። መብረቅ ማስጮህ፣ የማሽን ጩኸት መደርደር፣ «አሁን ወደ ሌላ ዓለም ገብተናል» የሚል ተራኪ መቅጠር አያስፈልግም። ቋንቋው ሲቀየር ዓለሙ ተቀየረ።

ትዕይንቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል። አንድ ወጣት ፈረሱን ይዞ ወደ ዘንገና ይወርዳል። ኮቴው በደረቅ መሬት ላይ ይሰማል፤ ቀጥሎ በጭቃ ላይ ይለዝባል፤ ቀጥሎ ይቆማል። ፈረሱ ያንኮራፋል፣ አልሄድም ይላል። ወጣቱ በአማርኛ ይሰድበዋል። ከሐይቁ ማዶ የራሱ ድምፅ ይመለሳል፤ ግን የተመለሰው ስድብ በአዊኛ ነው፣ ቃናውም የእሱ አይደለም፤ የሸመገለ ሰው ነው። አዊኛ የማያውቅ አድማጭ ከፈረሱ ጋር ይደነግጣል። አዊኛ የሚያውቀው ደግሞ ሽማግሌው ያለውን ሰምቶ ከወጣቱም ከፈረሱም ቀድሞ ይገባዋል። ለአንድ ጊዜ እንኳ፣ በአገሪቱ ሬዲዮ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው አድማጭ የባንጃ ገበሬ ይሆናል።

ወጪው የሚያስፈራ አይደለም። ፊልም መብራት፣ ካሜራ፣ አልባሳትና ግንብ ይጠይቃል። ለድምፅ ድራማ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ጥቂት ማይክሮፎን፣ አንድ ላፕቶፕና ትዕግሥት ይበቃሉ። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1938 «የዓለማት ጦርነት»ን ሲያስተላልፍ የማርስ መንኮራኩር መክፈቻ ድምፁ፣ እንደሚተረከው፣ በመጸዳጃ ክፍል ውስጥ የሚፈታ የጠርሙስ ክዳን ነበር። አዊ ውስጥ ግን ብዙው ድምፅ ከተፈጥሮው ይገኛል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር በእንጅባራ ሜዳ የሚነሳው የኮቴ፣ የቃጭልና የሆታ ድምፅ በስቱዲዮ ተመስሎ የሚሠራ አይደለም፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር የአርበኞችን ታሪክ ጠብቆ ያቆየ ነውና በታሪኩም ውስጥ ቦታ ይገባዋል። የቀርከሃ ጫካ በነፋስ ሲያፏጭ፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ሸክላ ምጣድ ላይ ሊጥ ሲፈስ፤ አንድ ተማሪ መቅጃ ይዞ አንድ ሳምንት ቢዞር የሚበቃ የድምፅ ጎተራ ይሞላል።

ክርክሮችም አሉ፤ ሊታለፉ የማይገባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ስለ ታሪክ ነው። በታሪክ ትርጓሜ በምትጣላ አገር «ባይሆን ኖሮ» ማለት እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው የሚል ሰው ያለ ምክንያት አይናገርም። ዛጉዌ ባይወድቅ የሚለው ክፍል ነገ በአንድ ሰልፍ ላይ የይገባኛል ጥያቄ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። መፍትሔው መንታ መንገዱን መደበቅ ሳይሆን በግልጽ ማሳየት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሲጀመር ታሪክ በእውነት ምን እንደሆነና ድራማው ከየት ላይ እንደተገነጠለ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገር። ሌላኛው ዓለም ደግሞ ገነት እንዳይሆን ይጠበቅ። በግድቡ ዓለም ገዳማቱ እንደሚጎዱት፣ በዛጉዌው ዓለምም የሚጨቆን፣ የሚከፋውና የሚያምፅ ሰው ይኑር። ቁጭት ብቻ የሚያሰማ ትይዩ ዓለም ልብ ወለድነቱ ያበቃና የፖለቲካ ንግግር ይሆናል።

ሁለተኛው ስለ መደናገጥ ነው። የዌልስ ድራማ አሜሪካን በሙሉ አሸበረ የሚባለውን የኋላ ጊዜ ተመራማሪዎች ጋዜጦች አጋነውታል ብለው ዝቅ አድርገውታል። የኪቶው ግን የተጋነነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1949 በኢኳዶር ዋና ከተማ የነበረው ሬዲዮ ኪቶ ያንኑ ታሪክ በስፓኒሽ እንደ እውነተኛ ዜና አድርጎ አቀረበ፤ መታለሉን ያወቀው ሕዝብ ጣቢያው ያለበትን የኤል ኮሜርሲዮ ጋዜጣ ሕንፃ አቃጠለ፣ ሰዎችም ሞቱ። ለአማራ ክልል ትምህርቱ ቅርብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ በግጭት ውስጥ ቆይቷል። ዛሬ በሬዲዮ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ «ልብ ወለድ ነው» ብሎ የሚያልፍ ጆሮ የለም። ስለዚህ በዚህ ድራማ ውስጥ የውሸት ዜና ማስታወቂያ አይኑር፣ የተኩስ ድምፅ አይግባ፣ ዛሬ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ስም አይነሳ። ይህ ለደራሲው ማሰሪያ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ግን ጀብዱን በጥይት ከመሥራት አውጥቶ በውኃ፣ በፈረስ፣ በማሽንና በክርክር እንዲሠራው ያስገድደዋል። ለድምፅ ድራማ ይህ ጥቅም ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይከብዳል፤ ሰው ሰላም አጥቶ፣ ማዳበሪያ ተወዶበት፣ መንገድ ተዘግቶበት ሳለ ስለ ትይዩ ዓለም ማውራት ቅንጦት ነው የሚለው። ነገር ግን የስካይለር አንባቢዎች ተከታታዩን የሚጠብቁት በቅንጦት ጊዜ አልነበረም። ሰው በጨነቀው ሰዓት ጨዋታ አይተውም፤ እንዲያውም ያኔ ነው ሬዲዮውን ወደ ጆሮው የሚያስጠጋው። ድምፅ ደግሞ ከሌላው ሁሉ በቀላሉ ይደርሳል። የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሬዲዮው ይሰራል፤ ፋይሉ ከስልክ ወደ ስልክ፣ በሚሞሪ ካርድ ከመንገደኛ ወደ መንገደኛ ይሄዳል። ገበሬው እያረሰ፣ ሹፌሩ እየነዳ፣ እናት እየጋገረች ይሰማል። ቪዲዮ ይህን አይችልም።

አራተኛው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ እሱም ወደ ምክሩ ይመልሳል። የረድኤት ድርጅት ገንዘብ ሲመጣ መልእክቱ አብሮ ይመጣል፣ መልእክቱ ሲመጣ ጀብዱው ይሞታል። ስለዚህ ወጪው ከዚያ ውጭ ቢፈለግ ይመረጣል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ደራሲና ተዋናይ ሊሆኑ የሚችሉ ተማሪዎች አሉት። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን የአዊኛ ክፍል የአየር ሰዓትና የቀረጻ ልምድ አለው። የፈረሰኞች ማኅበሩ ድምፅም ታሪክም አለው። የዳንግላና የእንጅባራ ነጋዴዎች ደግሞ ማስታወቂያቸው ከዕድር ጥሪ ሌላ የሚነገርበት ቦታ ቢያገኙ አይጠሉም። ሦስቱ ተቋማት ተነጋግረው የሚሠሩት ሙከራ ትልቅ መሆን የለበትም። ሰባት ክፍል፣ እያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ፣ በሁለት ቋንቋ። ጽሑፉን የአዊኛ ተናጋሪና የአማርኛ ደራሲ አብረው ይጻፉት፤ የታሪክ መምህር አንድ ጊዜ ያንብበው፤ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ይስማው።

በአየር ከመዋሉ በፊት ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል በዳንግላ የገበያ ቀን፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ለማይተዋወቁ ሰዎች ይከፈትላቸው። አዘጋጆቹ ጥግ ላይ ተቀምጠው ማስታወሻ ይያዙ፤ ሰዉ የት ላይ ሳቀ፣ የት ላይ ወሬውን ጀመረ፣ አዊኛው ሲገባ ማን ለማን ተረጎመለት የሚለውን ይመዝግቡ። ድራማው ሲያልቅ ማንም ሳይጠየቅ «ቀጣዩ መቼ ነው?» የሚል ሰው ካልተገኘ፣ ጽሑፉ ተመልሶ ወደ ደራሲዎቹ ይሂድና እንደገና ይጻፍ።